ጀሪካናችን ይቁምልን፣ እኛ እንተኛ

ቀን፦ ግንቦት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሸንበቆ ሰፈር የቦኖ ውሃ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ለአቶ መለሰ አራጌ
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ ተራ በጀሪካን መያዝን የሚከለክለው ማስታወቂያ እንዲነሳልን ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ይርገዱ ኪዳን የሰፈሩ ነዋሪና የአንደኛ ክፍል መምህርት ስሆን፣ የሚከተለውን በአክብሮት፣ ንዴቴንም ሳልደብቅ አመለክታለሁ።

1. ውሃ ወደ ቦኗችን የሚለቀቀው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጀምሮ ነው። በዚህ አልወቅስዎትም፤ መስመሩን የሚከፍቱት እርስዎ አይደሉም። ድሮ ግን ማምሻውን ጀሪካናችንን ደርድረን እንተኛና ውሃው ሲመጣ እንነሳ ነበር። የትኛው የማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። በጥር ግን «ባለቤቱ አጠገቡ ያልቆመ ጀሪካን ከሰልፍ ይወጣል» ብለው ለጠፉ። ሁለት ሰዎች በጀሪካን ተራ ስለተጣሉ የመንደሩ ሁሉ እንቅልፍ ተቀማ።

2. እናቴ ወ/ሮ ፈንታዬ አልጋ ላይ ከዋሉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ በየቀኑ መታጠብ አለባቸው፤ ከእኔ በቀር ውሃ የሚቀዳላቸው የለም። ስለዚህ ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ሌሊቱ አሥር ብርድ ላይ እቆማለሁ። ወጡ ላይ ጨው ሁለት ጊዜ እጨምራለሁ። የእናቴን ኪኒን መስጠት አለመስጠቴ ይጠፋኛል። ሰው ደህና አደርሽ ሲለኝ እንባዬ ይመጣል።

3. ረቡዕ ሚያዝያ 29 ቀን ዐይኔን ሳልከድን ት/ቤት ገባሁ። ትህትና የምትባል የሰባት ዓመት ተማሪዬ ዐይኔ ለምን እንደቀላ ጠየቀችኝ። በጥፊ መታኋት። በአሥራ አራት ዓመት ሥራዬ ልጅ መትቼ አላውቅም። አባቷ አቶ ፋሩቅ ይቅርታዬን ተቀብለው አላህ ያግራልሽ ብለው ሸኙኝ። እሳቸው ይቅር አሉኝ፤ እኔ ግን ይቅር አላልኩም፣ ራሴንም እርስዎንም።

4. ቀደም ሲል በቃል ባመለክት «እንቅልፍ የሰነፍ ነው» ብለውኛል። ግቢው ድረስ ቧንቧ የገባለት ሰው እንዲህ ሲል መስማት ያበግናል። ጀሪካን እንቅልፍ አያሻውም፤ መቆሙን ለእሱ ይተዉለት።

ስለዚህ ማስታወቂያው ዛሬውኑ እንዲነሳ እጠይቃለሁ። ጠብ ካስፈራዎ በየጀሪካኑ ላይ የባለቤቱ ስም ይጻፍ፤ ቀለሙን ገዝቼ ራሴ እጽፋለሁ።

ዛሬ ማታ ተራችን ነው። ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ክፍል እገባለሁ። ትህትና የምትቀመጠው ፊተኛው ዴስክ ላይ ነው፤ እጄ የሚደርስበት።

ደህና ይደሩ፤ ከሰላምታ ጋር

ይርገዱ ኪዳን
(ፊርማ)