ለሙሽራዋ የሚሆን ላስቲክ

የካቲት 24 ቀን 1958 ዓ.ም.

ቀዩ ከመነዳሪ አለቀ።

ቢያድግልኝ፣ ይህን ከማንም በፊት ማወቅ ያለብህ አንተ ነህ ብዬ ነው መጻፌ። ከተለያየን አንድ ክረምት አልፎ በጋውም ወደ ማለቁ ነው። ያለ አንተ የያዝነው የመጀመሪያው ሑዳዴ ላይ ነን። ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ስለሆንክ፣ ግድፈት ብታገኝ ጥፋቱ የአስተማሪው ነው።

ከቤት ልጀምር። የጓሮው ብርቱካን ዘንድሮ አፈራ፤ ጎምዛዛ ነው። የስፌት መኪናዬን ከመስኮቱ ሥር አንስቼ እናትህ አልጋ አጠገብ አደረግኩት። እሳቸው እኔን ያያሉ፣ እኔ እሳቸውን አያለሁ። ቦት ጫማህን የስልክ መሥሪያ ቤቱ መልሺ አላለኝም። አሁንም ከበሩ ጀርባ ነው፤ ስጠርግ አነሳዋለሁ፣ ጠርጌ ስጨርስ እመልሰዋለሁ።

እናትህ ከጥምቀት ወዲህ ታመሙ። እግራቸው አብጦ ነበር፣ አሁን ጎደለ፤ አቅም ግን የላቸውም። ሐኪም ቤት ወስጄያቸው ድሬሰሩ ደማቸው ማነሱን ነገረን። ሥጋ ይብሉ፣ እንቁላል ይብሉ፣ ወተት ይጠጡ አለ። እናትህ አንገታቸውን ደፍተው በትሕትና ሰሙት። ቤት ስንደርስ፣ «ደግ ሰው ነው። ሑዳዴ መሆኑን ግን የነገረው የለም» አሉኝ። የነፍስ አባታቸውን ጠራሁ። እሳቸውም ለታመመ ይፈቀዳል ብለው መከሯቸው። «እርስዎ ፈቀዱልኝ አባቴ፤ እኔ ለራሴ አልፈቀድኩም» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ታውቃቸዋለህ።

ከሽሮው ሁለት ጉርሻ ይቀምሱና ሳህኑን ይገፋሉ። እጃቸው ቀለለ። ስደግፋቸው ክንዳቸው የሕፃን ክንድ እየሆነብኝ መጣ። እንዲህ ሆነው ፋሲካ ይደርሳሉ ብዬ አላመንኩም። አንድ ቀን ታዲያ ዓይናቸውን ከጣራው ላይ ሳያነሱ፣ «ቢልጫ የሚባል አሳ ቀረ እንዴ ከዚህ አገር?» አሉ። ስምህን አልጠሩም። እኔም አልጠራሁም። አሳ ለእሳቸው ጾም እንደማያስፈታ፣ በየሑዳዴው ከደዴሳ ወንዝ የምታመጣላቸውም ለዚሁ እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ለኦቦ ገመቹ ነገርኩት። ጓደኛህ አርጅቷል፤ ጢሙ ሙሉ በሙሉ ነጭ ሆኗል። ወንዝ ሲባል ግን አሁንም ከወንበሩ ይነሳል። በጭነት መኪና ወርዶ ድልድዩ ሥር ውሎ፣ በትል አንድ ትልቅ አምባዛ ይዞ መጣ። እናትህ ቀና ብለው አዩት። ቅርፊት የሌለው አሳ እንደማይበሉ ኦቦ ገመቹ ረስቶታል። «ይሄ ደግሞ ጺም አለው። አባት ይፍቱኝ ልለው ምንም አልቀረኝ» አሉት። ሳቀ፤ ግን አፈረ። ውጭ ስሸኘው፣ «ጫልቱ፣ ውሃው ጠርቷል። ቢልጫ ትሉን ትቶ መንጠቆውን ነው የሚያየው። ሚስሮ ካልሄደች አይሆንም» አለኝ።

ሚስሮ ያለው ያንተን ሙሽራ ነው፣ በቋንቋችን።

ያን ስም ያወጣህላትን ቀን አልረሳም። የድልድዩ መሐንዲስ፣ ያ ቀይ ፈረንጅ፣ ወደ አገሩ ሲመለስ የአሳ ማጥመጃ ክር መጠቅለያውንና ከአሳ ማታለያዎቹ አንዷን የሰጠህ ጊዜ ነው። የእርሳስ ጭንቅላት፣ አንድ መንጠቆ፣ ከአንገቷ የሚወርድ የቀጫጭን ጎማ ቀሚስ። ቀሚሷ መንጠቆውን ይሸፍነዋል። ደረቅ ስትሆን ጭራ ትመስላለች። አንተ ግን ልብስ የማጥብበትን ሳፋ ውሃ ሞልተህ፣ ስፌቴን አስጥለህ፣ «ነይ እይ» አልከኝ። በክር ይዘህ ከፍ ዝቅ ስታደርጋት ቀሚሷ ተከፈተ፣ ተሰበሰበ፣ ደግሞ ተከፈተ። «ተነፈሰች» አልክ። «ሙሽራ ናት።» እኔን ያገባህ ሰሞን እንኳ እንደዚያ አላየኸኝም ብዬህ ነበር። ሁለታችንም ሳቅን፤ እስክስቅ ድረስ ግን እውነቴን ነበር።

ከዚያ ወዲያ ራስህ ሠራሃቸው። እርሳሱን ከአሮጌ የስልክ ገመድ ልጠህ፣ በማሰሮ ስባሪ አቅልጠህ፣ በሸክላ ቅርጽ ታፈሰው ነበር። ቤቱ ይሸታል፣ እናትህ ይነጫነጫሉ። ለቀሚሱ ጣሊያን ጥሎት ከሄደው መኪና ጎማ ውስጥ የወጣውን ቀይ ከመነዳሪ፣ ፓውደር ነስንሰህ በቆርቆሮ ሣጥን ያስቀመጥከውን፣ እንደ ክር እያቀጠንክ ትቆርጠዋለህ። በማን መቀስ? በእኔ መቀስ። አንድ ጊዜ ጎማው ተጣብቆበት ቀርቶ የሰው ነጭ ቀሚስ ላይ ቀይ ምልክት ተወልኝ። ሄጄ ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። አንተ ደዴሳ ነበርክ።

ኦቦ ገመቹ በሄደ ማግስት ሣጥኑን ከፈትኩት። የቀረችው ሙሽራ አንድ ናት። ቀሚሷ እንደ ሙጫ ተጣብቆ ስነካው በጣቴ ላይ ቀረ። ከከመነዳሪው የተረፈውን ቁራጭ አወጣሁና ሳብ ሳደርገው ተሰነጣጠቀ። እንደ ደረቀ እንጀራ። ጎማም ለካ ዕድሜ አለው።

ከጎሚስታው ዘንድ ጥቁር ከመነዳሪ ለምኜ መጣሁ። አዲሱ ሁሉ ጥቁር ነው አሁን። ቀጥኖ ይቆረጥ እንደሁ ብዬ በራሴ ፈቃድ መቀሴን አበላሸሁ። ሳፋው ውስጥ ስሞክራት ግን ቀሚሷ አይከፈትም። ወፍራምና ግትር ነው፤ እንደ ዣንጥላ ሽቦ ቆሞ ቀረ። ኦቦ ገመቹ አይቶ፣ «ይቺስ ሙሽራ አይደለችም፣ ዘበኛ ናት» አለ። በረባሶ የሚሠራው ሰውዬ ቀይ ጎማ ካየ ብዙ ዘመን እንደሆነው ነገረኝ። የጭነት መኪና ሾፌሮቹንም ጠየቅኩ። አርጆ ያለው ወንድሜ ዘንድ ላክሁ። የለም።

አሁን የምነግርህን ስትሰማ እንደምትስቅ አውቃለሁ።

ጨለለቂ ሰፈር ሸምሱ ሱቅ ክር ልገዛ ገባሁ። ሱቁ ሰው ሞልቷል። ሐሳቤ ሁሉ ጎማው ላይ ስለነበር፣ አፌ በቤታችን ልማድ፣ «ሸምሱ፣ ለሙሽራዬ ቀሚስ የሚሆን ላስቲክ አለህ?» አለ። ሸምሱ ሰፊ መሆኔን ያውቃል። ጥቅሉን እያወረደ፣ «ወገቧ ምን ያህል ነው?» አለኝ። «ወገብ የላትም። አንገት ብቻ ነው ያላት» አልኩት። ሱቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሸምሱ ቀስ ብሎ፣ «አዴ ጫልቱ፣ ሙሽራዋ ማን ናት?» ሲለኝ፣ እኔ ሞኟ፣ «የቢያድግልኝ ናታ!» አልኩ።

አንዲት ሴት አማተበች። ሌላዋ ክንዴን ይዛ «አይዞሽ እህቴ፣ እግዜር ያስለምዳል» አለችኝ። ሸምሱ ነጭ የጉርድ ላስቲክ በክንዱ ለካና ጠቅልሎ ሰጠኝ። ይሄ አይደለም ብዬ ማስረዳት እችል ነበር። የአሳ ነገር፣ የእርሳስ ነገር፣ የቀሚስ ነገር፣ ከየት ይጀመራል? ተቀብዬ ወጣሁ።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ገብቷል። እናትህ በክርናቸው ተደግፈው ጠበቁኝ። «ልጄን ልትድሪው ነው አሉ» አሉኝ። «ምነው ሳታማክሪኝ?» ከታመሙ ወዲህ ሲቀልዱ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ላስቲኩን አልጋው ላይ ወርውሬ ሽሮውን ልጥድ ሄድኩ።

እጃቸው ሥራ ሲፈታ አያርፍም፤ የብርድ ልብሱን ዳር ሲነቅሉ ነው የሚውሉት። ያን ቀን የላስቲኩን ጫፍ ያዙ። ስመለስ አንድ ቀጭን ነገር በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግተውታል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ትል ነው?» አሉ። ለቀቁት፤ ተሰበሰበ። ሳቡት፤ ተዘረጋ።

ጎማ ነበር። በላስቲኩ ሽመና ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደረ፣ አንተ ከምትቆርጠው በላይ ቀጥኖ ተቆርጦ ያለቀ ጎማ። ስንት ዓመት የሰው ወገብ ላይ ስሰፋው፣ ጫፉ ሲተረተር ስቆጣው የኖርኩት ነገር። ተቀመጥኩ። ሽሮው ገነፈለ።

ጨርቁን በምላጭ ተለተልኩት። እናትህ ክሮቹን እየመዘዙ በትራሳቸው ላይ አሰለፏቸው። ጥቁሩን ጎማ ከሙሽራዋ አንገት ላይ ፈትቼ፣ አዲሱን ከብቤ፣ በስፌት መኪናዬ ክር አጥብቄ አሰርኩት። ነጭ ነው። ያንተ ቀይ ነበር። «ሙሽራ ነጭ ናት የምትለብሰው» አሉኝ እናትህ፣ ያመነታሁ መስሏቸው። ሳፋውን ውሃ ሞልቼ አልጋው ሥር አመጣሁና በክር ይዤ ዝቅ አደረግኳት። ቀሚሷ ተከፈተ። ተሰበሰበ። ደግሞ ተከፈተ።

«ተነፈሰች» አሉ እናትህ።

እኔ አልነገርኳቸውም። በዚያ ቀን ከጓዳ ሆነው ሰምተውናል ማለት ነው። ሳፋውን ለማንሳት ጎንበስ ብዬ ትንሽ ቆየሁ።

ኦቦ ገመቹ ትናንት መጥቶ አያት። መዳፉ ላይ አስቀምጦ፣ «ሚስሮ» አለ፣ እንደ ሰላምታ። ከዚያ ግን ችግሩን ነገረኝ። ድንጋዩ ቀሚሷን ይቀዳድዳል። አንተ በነበርክ ጊዜ እዚያው ወንዙ ዳር ተቀምጠህ መልሰህ ታለብሳት ነበር። የእሱ ጣት ለዚህ አይሆንም፣ ወፍራም ነው፣ ይንቀጠቀጣልም። «አንቺ ነይ» አለኝ።

ከቀብርህ ስመለስ ምን እንዳልኩ ሰምቷል። ደዴሳን በዓይኔ አላየውም ብዬ ነበር። ወባውን ይዘህ የመጣኸው ከዚያ ነው። አልጋው ላይ ስትንቀጠቀጥ ሦስት ብርድ ልብስ ደራርቤብህ አልሞቅ ያልከው ከዚያ በመጣ ነገር ነው። ሌላ ሰው ይፈለግ አልኩት። እናትህ ከውስጥ ሰሙ። «ወንዙ ምን አደረገ? ትንኟ ናት እንጂ» አሉ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ አርጆ ወንድምሽ ቤት ግቡ። እኔን ጎረቤት ያየኛል።» ከዚያ፣ «ከነቅርፊቱ አምጪው፣ ልየው» አሉ።

ኩራዙን አጥፍቼ ተኛሁ።

ደብዳቤውን ማለዳ ቤት ጀመርኩት። አሁን ሸምሱ ሱቅ፣ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ለመለዋወጫ የሚሆን ላስቲክ ልገዛና ሙሽራዋን ለኦቦ ገመቹ ሰጥቼ ወደ ስፌቴ ልመለስ ነው የወጣሁት። አንዲት ደንበኛ ለቅዳሜ የቀጠርኩላት ቀሚስ አለ፤ አንድ እጅጌው አልገባም። ሙሽራዋ በመሐረቤ ተጠቅልላ ጭኔ ላይ አለች፤ መንጠቆው ይወጋኛል።

ሰው ለሞተበት «አልረሳህም» ብሎ ይጽፋል። እኔ እንኳ ሳስበው፣ ስጠርግ ቦት ጫማህን እያነሳሁ የት እረሳሃለሁ? ቃል መግባት ካለብኝ ግን ይኸውልህ፦ እናትህ እስካሉ በየሑዳዴው ሙሽራህን አለብሳታለሁ። እሳቸው ካለፉም አለብሳታለሁ። ከእኔ ጣት ሌላ የሚያውቃት የለም።

ወደ ደዴሳ የሚወርደው የጭነት መኪና ከታች ጡሩምባ ነፋ። ኦቦ ገመቹ ጋቢና ውስጥ ሆኖ እጁን በመስኮት አውጥቷል፤ ሙሽራዋን ለመቀበል ነው። አጠገቡ ሰው የለም። ሸምሱ ላስቲኩን ገና በክንዱ እየለካ ነው፣ «ዛሬስ ወገብ አላት?» እያለ። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አንተ የትኛው ድንጋይ ላይ ትቀመጥ እንደነበር ኦቦ ገመቹን እጠይቀዋለሁ።

ደግሞ ነፋ። ሸምሱ፣ «አዴ ጫልቱ፣ ላስቲኩስ? ኧረ አልቆረጥኩትም!» ይላል። ከነጥቅሉ ተቀበልኩት።

ወጣሁ።