ማርስ ላይ ያለውን የወንድሜን መሬት ላጸደቁልን ኃላፊ

ለክቡር የውል ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡር ጤንነትዎ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ወንበርዎ እንደተመቸዎት፣ ማኅተምዎም ቀለም እንዳላጠረው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ፣ ምስጋና ለእርስዎ ይሁንና፣ አምስት ሰዎች በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ በሁለት የስፌት መኪናዎች መካከል ተጣብበን ደኅና ነን።

እኔ ከመሥሪያ ቤትዎ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ልብስ የምሰፋ ሴት ነኝ። የምጽፍልዎት ስለ ታላቅ ወንድሜ ስለ በያጁ ነው። ብዙ ባለጉዳይ ስለሚያመላልሱ ረስተውት እንደሆነ ላስታውስዎት፤ ማርስ ላይ መሬት ገዝቶ እርስዎ ያጸደቁለት ሰው ነው።

ወንድሜ ከአባታችን የወረሳት አንዲት የብየዳ ቤት ነበረችው። ከፊት ለፊቷ ይሠራባታል፣ ከጓሮዋ ባለችው ክፍል ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ይኖርባታል። ባለፈው ዓመት በሰፈሩ አዲስ መንገድ ሊወጣ ነው፣ ቤቶቹም ሊፈርሱ ነው የሚል ወሬ ተነዛና ወንድሜ እንቅልፍ አጣ። ይኼኔ ነው አንድ ክራባት ያሰረ መሬት ሻጭ ደርሶ፣ ማንም መንገድ የማያወጣበት፣ ማንም የማያፈርሰው መሬት እንዳለው የነገረው። ወንድሜ ቤቱን ይሰጣል፣ በምትኩ ማርስ ላይ ዓይን የማይዘልቀው ሜዳ ይቀበላል። እኔ በሰማሁ ጊዜ “አብደሃል እንዴ?” ብዬ ጮኽኩበት። የመለሰልኝን ቃል በቃል ልጻፍልዎት፤ እርስዎን የሚያኮራ ንግግር ነውና። “ሕጋዊ ካልሆነ ጽሕፈት ቤቱ አያጸድቀውም። ካላጸደቀው እተወዋለሁ” ነበር ያለኝ።

እርስዎም አላሳፈሩትም። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ወንድሜ የአባቱን ቤት የሚሰጥበትን ውልና ማርስን የሚረከብበትን ውል በአንድ መስኮት፣ በአንድ ማለዳ፣ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩት ስላጸደቁለት አመሰግናለሁ። እኔ የልደት ምስክር ወረቀቴ ላይ የእናቴ ስም አንድ ፊደል ስለጎደለው ከዚያው መስኮት ስንት ጊዜ እንደተመለስኩ ሳስብ፣ ለሌላ ፕላኔት ያሳዩት ቸርነት ያስደንቀኛል። ወንድሜ የዚያን ዕለት ወረቀቱን ታቅፎ ሲገባ፣ ሚስቱ አብሮት የተሰጠውን የቀይ ሜዳ ፎቶግራፍ አገላብጣ አየችና “ውኃና መብራት ገብቶለታል?” አለችው። “ውኃስ አለ፣ በረዶ ሆኖ ነው” አላት። እሷም ወደ እኔ ክፍል ለመግባት ዕቃ መሸከፍ ጀመረች።

ሁለተኛ፣ መንገዱ በሌላ በኩል ወጣ። የብየዳ ቤቱ አልፈረሰም፤ ዛሬ የሻጩ አማች ይሠራበታል። ወንድሜ ግን በሩ ላይ ላለማለፍ ሲል ሰፈሩን ዙሪያ ጥምጥም እየዞረ ሰው ቤት የቀን ሥራ ይሄዳል። እኔም ሱሪ የማሳጥርላቸውን አንድ ጠበቃ ጠየቅኳቸው። አገሮች ተፈራርመው ማንም አገር ጨረቃንም ሆነ ሌላ የሰማይ አካል የእኔ ነው እንዳይል መከልከላቸውን፣ ሻጮች ደግሞ “የተከለከለው አገር ነው እንጂ ግለሰብ አይደለም” እያሉ እንደሚነግዱ አስረዱኝ። “ታዲያ ለሻጩ ባለቤትነቱን ማን ሰጠው?” ብላቸው፣ ሳቅ አሉና “ማንም” አሉኝ።

ይህንኑ ይዘን ከወንድሜ ጋር ቢሮዎ መጣን። በትሕትና ተቀበሉን፣ ወንበርም ሰጡን። “እኛ ያጸደቅነው ፊርማውን ነው እንጂ መሬቱን አይደለም” አሉን። ውሉ ይሰረዝልን ብለን ብንለምንዎት፣ ንብረቱ ከሚገኝበት አካባቢ አስተዳደር ማስረጃ እንድናመጣ በደብዳቤ አዘዙን። ወንድሜ ደብዳቤውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና “እሺ ጌታዬ” ብሎዎት ወጣ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። የጠላሁት እርስዎን እንደሆነ ግልጽ ባይሆን ብዬ ነው የምጽፈው።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ከሁሉ ይበልጣል። ቤት አልባ የሆነው ወንድሜ ለቤት ፈላጊዎች ሊመዘገብ ሄደ። መዝጋቢዋ ኮምፒውተሯን ነካ ነካ አድርጋ “እርስዎ እኮ ሰፊ መሬት አለዎት፤ መመዝገብ አይችሉም” አለችው። መረጃውን የላከው የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው። እንግዲህ ወንድሜ ሊከስስበት ሲል የሌለው መሬት፣ ቤት ሊለምን ሲል አለው ማለት ነው። ይህን የመሰለ ጥበብ ከየት እንደተማሩት ቢነግሩን ልጆቻችንን እንልክ ነበር። የሰፈሩ ሰው ግን አልጠበቀም፤ ወንድሜን “ባላባቱ” ብሎ ሰየመው። ትንሿ ልጁ ትምህርት ቤት ውስጥ “የባላባቱ ልጅ” እየተባለች ስትመለስ፣ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል።

አራተኛ፣ መዝጋቢዋ እንደነገረችን ከዚህ መሬት መገላገያው መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ለሌላ ሰው በስጦታ ማስተላለፍ። የጠየቅነው ሁሉ ሸሸ። ስለዚህ እኔ ተቀበልኩት። እኔ ራሴ በዚያው ምዝገባ ላይ ከቆየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ዕጣዬ ሊወጣም ተቃርቦ ነበር። ወንድሜ “በእኔ ጅልነት አንቺ ቤት አታጪም” ብሎ አለቀሰ። እጁን ይዤ እየጎተትኩ አመጣሁት። ጸሐፊዎ ማኅተሙን መታ፣ እጄን ጨብጦም “እንኳን ደስ አለዎት” አለኝ። በማግስቱ ስሜ ከዝርዝሩ ተሰረዘ፤ የወንድሜ ስም መጨረሻው ላይ ገባ። ሚስቱም ከብዙ ጊዜ በኋላ ያን ምሽት ሳቀች።

ክቡርነትዎ፣ ቤታችን እንዲመለስ አልጠይቅም፤ ይቅርታም አልፈልግም፤ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ቀና ብሎ ማየት አለበትና። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ያን ሻጭ ዛሬም ከመስኮትዎ ፊት ተሰልፎ፣ አንዲት መበለት አስከትሎ አይቼዋለሁና፣ የእሷን ወረቀት ማኅተም ከመምታትዎ በፊት ያንብቡት።

ለሰጡኝ ሰማያዊ ርስት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜዎና ሥልጣንዎ እንደ ሥራዎ እንዲሆንልዎት ከልብ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
በሕግ ፊት ባለ ሰፊ መሬት፣ በመሬት ላይ ቤት አልባ የሆነችው ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ የጽሕፈት ቤትዎ የብረት በር ከማጠፊያው ተነቅሎ መውደቁን ሰምተናል፤ ወንድሜ እንዲሠራልዎት ሰው ልከውበታል። አጥብቆ ይበይድልዎታል፣ ሥራው ላይ ቂም አያውቅም። ሒሳቡን ግን እዚችው ምድር ላይ እንዲከፍሉት ይሁን።