ጎን ለጎን ሁለት ወንበር

ለውድ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሳሉ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ስልክ ስታነሺ ካንቺ ቀድሞ ደንበኛውን ሰላም ይላል? እኛ አለን። አባዬ ይበላል፣ ሥራ ይሄዳል፣ ዜናው ሳያልቅ ሶፋው ላይ ያንቀላፋል። እማዬ ካረፈች ወዲህ የትምህርት ቤት ሸሚዜን የሚተኩሰው እሱ ነው። እጅጌው ላይ ሁለት መስመር ስለሚያወጣበት ክፍል ውስጥ «ሐዲዱ መጣ፣ መንገድ ልቀቁ!» ይሉኛል። ለእሱ አልነገርኩትም። ካውያውን ይዞ፣ ምላሱን ነክሶ ሲታገል ብታዪው አንቺም አትነግሪውም።

ይህን ነገር በስልክ ላወራሽ ስንት ጊዜ ሞከርኩ። ስልክ ላይ ግን ያ የሥራ ድምፅሽ ይመጣና «ተወው፣ እኔ እጨርሰዋለሁ» ብለሽ ወሬ ታስለውጪኛለሽ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቅሬታ ስትቀበዪ ስለምትውዪ ከወንድምሽ ቅሬታ ማምለጥ አያቅትሽም። ደብዳቤን ግን መሃል ገብተሽ አታቋርጪውም።

የትኬቱን ገንዘብ የጠየቅሽው የጉዞ ኢንሹራንስ ድርጅት ለእኔም ጻፈልኝ። «ሁለተኛ ተጓዥ» ብሎ ይጠራኛል። ዕረፍቴን አንቺ ጋ ሳሳልፍ እማዬ ታማ ወደ ቤት ስንጣደፍ የመጀመሪያው አውሮፕላን ዘግይቶ ሁለተኛው እንዳመለጠን፣ አንቺም ተበድረሽ አዲስ ትኬት እንደገዛሽልን አልካዱም። የያዙት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የዚያኑ ዕለት በሚነሣ በረራ አንድ ወንበር ተገኝቶላችሁ ነበር፤ ታዲያ ቢያንስ አንዳችሁ ለምን አልሄዳችሁም? አንቺን ሲጠይቁሽ «በግል ምክንያት» ብለሽ ብቻ መልሰሻል። አሁን እኔ ካላስረዳሁ ፋይሉን ሊዘጉት ነው። ስደውልልሽ ምን አልሽኝ? «ቅደደውና ጣለው።» አንቺ! የሚያፈስ ጃንጥላ ይዘሽ ሱቁ ድረስ እየተመላለስሽ በአዲስ ያስለወጥሽ ሰው! ነገሩን መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው።

ያን ቀን ትራንዚት አዳራሹ ውስጥ ያየሁሽን ብናገር አይታክተኝም። በሩ ተዘግቷል፣ አውሮፕላናችን ግን ከመስታወቱ ወዲያ ገና እንደቆመ ነው። መንገደኛው ሁሉ መስኮቱ ላይ ያለውን ሠራተኛ ይጮህበታል። ከፊታችን የነበረው ወፍራም ሰውዬ «አንተ እኔን ማን መሰልኩህ?» እያለ ሲደነፋ ሠራተኛው አንገቱ ትከሻው ውስጥ ገብቶ ነበር። ተራሽ ሲደርስ «ለመሆኑ ውሃ እንኳ ጠጥተሃል?» አልሽው። ሰውዬው ቀና አለ። ከዚያ እንደ ሰፈር ልጅ ዝቅ ብለሽ «ይኸውልህ ወንድሜ፣ እናታችን ሆስፒታል ናት። ያንተ እናት ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አልሽው። ወዲያው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰጠመ። አንቺ ደግሞ እሱ እየፈለገልን ሳለ የመጀመሪያው አውሮፕላን የዘገየው በሞተር ብልሽት መሆኑን አስጽፈሽ ማኅተም አስመታሽበት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ አፍሬብሽ ነበር። በዚያ ጭንቅ ማኅተም ምን ይሠራል ብዬ። በኋላ ያ አየር መንገድ «የአየር ጠባይ ነው፣ ካሳ አይመለከተንም» ሲል ወረቀቱን ላክሽለትና ድምፁ ጠፋ። እማዬ «ይቺ ልጄ ድንጋይን ይቅርታ ታስጠይቀዋለች» ትል የነበረው እንዲያው ለወሬ አልነበረም።

ሰውዬው አንዲት ወንበር አገኘ። ሳታመነቺ «እሱ ይሂድ፤ እማዬ የምትጠይቀው እሱን ነው» አልሽ። ሰውዬው አየኝና «ብቻውን ይችላል?» አለ። እኔ ደረቴን ነፋሁ። «ልጅ መሰልኩህ እንዴ? ዓለምን ብቻዬን ብዞር አይቸግረኝም» አልኩት። አንቺም ሳቅሽና «ቀላል ሰው እንዳይመስልህ፣ አባወራው ነው፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው እሱ ነው» ብለሽ እማዬ ያወጣችልኝን ስም ነገርሽው። ሰውዬው እየሳቀ አንድ ነገር ጻፈ። ምን እንደጻፈ ያወቅኩት አሁን ነው፤ ኢንሹራንሱ ገልብጦ ልኮልኛል፦ «ታናሹ ተጓዥ ብቻውን መጓዝ እንደሚችል በራሱ አንደበት አረጋግጧል።» አየሽልኝ? እንቅፋት የሆነብሽ የእኔ ጉራ ነው።

ከዚያ ስልክሽ ጠራ። እያወራሽ ወደ መስታወቱ ሄድሽ፤ ጀርባሽን ብቻ ነበር የማየው። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባሽ። ስትወጪ ከግንባርሽ በላይ ያለው ፀጉርሽ ሳይቀር ርሶ ነበር። «ሙቀቱ!» አልሽኝ። እኔ እኮ በብርዱ ሹራቤን እስከ አገጬ ዘግቼ ነበር። ሰውዬው የመሳፈሪያ ወረቀቴን ሊያትም እጁን ሲዘረጋ «ተወው ወንድሜ» አልሽው። «በየትኛውም ሰዓት ይሁን፣ ብቻ ጎን ለጎን ሁለት ወንበር ስጠን።» «እሱማ ነገ ነው፣ ይቺ ታመልጣችኋለች» አለሽ። አንቺም ደግመሽ «ጎን ለጎን» አልሽ።

እኔ አበድኩ። ያልኩሽን ታስታውሻለሽ፤ እዚህ አልደግመውም። አንቺ ግን ኬክ ገዛሽልኝ፣ እስክጨርሰውም ቆመሽ ጠበቅሽኝ። ሆቴል ገብተን ፊቴን ወደ ግድግዳ ሳዞር ደግሞ «እስቲ እማዬ ወላጅ ስብሰባ ላይ ያለችውን ንገረኝ» አልሽኝ። አኩርፌም ቢሆን ነገርኩሽ፤ ስለ እማዬ ሲሆን አፌ መቼ ያርፋል። ዳይሬክተሩ «ልጅዎ ክፍል ውስጥ ወሬ ያበዛል» ሲላት «ምን ያድርግ፣ ቤት ውስጥ እኔ አላስተርፍለትም» ያለችውን። ሳቅሽ። ከዚያ ድገመው አልሽኝ፤ ደገምኩልሽ።

አዳራሹ ውስጥ ፋታ ባገኘሽ ቁጥር ቤት ትደውዪ ነበር። ከዚያ ስልክ በኋላ ግን አንድም ጊዜ አልደወልሽም። ይህንንም ያስተዋልኩት ዛሬ ነው። የቤታችንን ደረጃ ስንወጣ እጄን ያዝሽኝ፤ ትንሽ ልጅ ሳለሁ መንገድ ስታሻግሪኝ ካልሆነ ይዘሽኝ አታውቂም። አባዬ በሩን ከፈተ። ፊቱ ሁሉንም ነገረን። መቼ እንደሆነ ማንንም አልጠየቅኩም፤ እኛ ሆቴል ተኝተን ሳለ ነው ብዬ ለራሴ ወሰንኩ። እናም ያቺን ወንበር ብትለቂልኝ ኖሮ በሕይወት ሳለች እደርስላት ነበር እያልኩ ስንት ወር ሙሉ ስልክሽን በ«እሺ» እና በ«አይ» ብቻ ስመልስ ከረምኩ።

ባለፈው እሑድ አክስታችን የእማዬን ልብስ ልታጣጥፍ መጥታ ነበር። እያጣጠፍን ሳለ አንቺን ታማሽ ጀመር። «እህትህ እኮ ልቧ ደንዳና ነው። እኔ እየተንሰቀሰቅኩ መርዶውን ስነግራት እሷ ትንፍሽ የለ! «አብሮኝ ነው» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው» አለችኝ። የት ሆነሽ ነው ያነጋገርሻት ብዬ ጠየቅኳት። «እኔ ምን አውቄ! ብቻ ከኋላዋ መንገደኛ የሚጠራ ድምፅ ማጉያ ይለፈልፋል» አለች።

የእማዬን ሰማያዊ ቀሚስ አጣጥፌ ጨረስኩ። ከዚያ ክፍሌ ገባሁ። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም፤ አንቺም ስትደውዪ አታንሺብኝ።

ለኢንሹራንሱ ግን መልሻለሁ። ቅደደው ብትዪኝም አልቀደድኩትም፤ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ፣ ምን ላድርግ። «በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አስቀድመህ አንብብ» ትዪኝ አልነበር? አነበብኩት። አብሮት ልጅ ያለ መንገደኛ ከልጁ እንዲለይ አይገደድም ይላል። የጻፍኩት እንዲህ ነው፦

«መስኮቱ ላይ ብቻዬን መሄድ እችላለሁ ብዬ የተናገርኩት ልክ አልነበረም። ልጅ ነበርኩ። ቤት የሚጠብቀኝን ነገር ብቻዬን መሸከም አልችልም ነበር። ይህን እኔ ሳላውቀው እህቴ አውቃለች። የቀደመውን ወንበር የተውነው በዚህ ምክንያት ነው።»

የአባዬ ፊርማም ያስፈልግ ስለነበር ሰጠሁት። ካውያውን ነቅሎ መነጽሩን አደረገና ደጋግሞ አነበበው። «ልጅ ነበርኩ ብለህ ጻፍክ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አሁንስ?» ሲለኝ እስክሪብቶውን አቀበልኩት። ፈረመበትና ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ወደ ሸሚዙ ተመለሰ። ሸሚዙም እንደ ልማዱ ሁለት መስመር ወጣበት።

ድርጅቱ ምን እንደሚል እንጃ። ከፈለ አልከፈለ፣ ምክንያትሽ ፋይሉ ውስጥ እንደሚገባው ሆኖ ተጽፎልሻል፤ እኔ የፈለግኩት እሱን ነው።

በይ እታለም፣ የሰው ሁሉ ብሶት የሚፈስበትን ጆሮሽን ጤና ይስጥልኝ። ከእንግዲህ የምታነሺው ስልክ ሁሉ የደግ ወሬ ይሁን። ዕረፍትሽ ሲደርስ ነይ፤ ሻንጣሽን የምሸከመው እኔ ነኝ። ያን ቀን ሳታለቅሺው የቀረ ካለ እሱንም ይዘሽው ነይ። ጎን ለጎን እንቀመጣለን።

ታናሽ ወንድምሽ፣
የቀድሞው አባወራ