ማጠቢያው ላይ የደፋሽው አልጌ

እህት ዓለም፣

ማጠቢያው ላይ የደፋሽው «የሸተተ ውሃ» የአራት ወር ሥራዬ ነበር።
ብርጭቆዎቹ ውስጥ ውሃ ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ አልጌ አሳድጌ፣ እርሳስ የሚባለውን መርዘኛ ብረት ጨምሬባቸው ነበር። መርዙን ይከላከል እንደሆነ ለማየት ለግማሾቹ ቫይታሚን ሲ ሰጠሁ። ቫይታሚኑን ያላገኙት በሳምንት ገርጥተው አለቁ። ያገኙት ግን እስከ ትናንት ለምልመው ነበር።
መርዙን ችለው አንቺን አልቻሉም።

«ቤቴን ረግረግ አደረገችው» ብለሽ ለእማዬ መንገርሽንም ሰምቻለሁ። ደግ አደረግሽ።

ብርጭቆዎቹን ከመደርደሪያው አውጥቼ ወስጃቸዋለሁ። ማጠቢያውን እንዳትነኪው፤ ባልሽ ጓንት አድርጎ ያጽዳው።

እርሳስ እንዳለበት ልነግርሽ ይገባ ነበር። ነፍሰ ጡር መሆንሽን እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ጓደኛዬ ቤት ሄጃለሁ። እንዳትደውዪልኝ።
ዛሬውኑ ተመርመሪና ሐኪሙ ያለሽን ብቻ ጻፊልኝ።