የሴና መጽሐፍና የጎሬ ኩባያዎች

ይድረስ በድሬዳዋ ለሚኖሩት ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ተጂቱ፣

የልጄ የሴና ልብ ወለድ ሰኞ ጠዋት ለመጨረሻ እርማት ከማተሚያ ቤት መጣ። አንድ መቶ አርባ ሁለት ገጽ ነው።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ሙቀቱስ ረገብ አለልዎ? ባለቤትዎ ጋሼ ሮብሳን የደም ግፊታቸውን እየተለኩ ነው ወይስ እንደ ልማዳቸው ከሐኪሙ ጋር እየተከራከሩ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መቱ በየካቲትም ሁለት ቀን ዘንቦባት መንገዱ ጨቅይቷል። ስልክ ያልደወልኩት ጋሼ ሮብሳን ድምፅ ማጉያውን ስለሚከፍቱት ነው። ይህን ደብዳቤ ወደ ድሬዳዋ የሚመጣው ዶሪ በእጅዎ ያደርሳል፤ እባክዎ ብቻዎን ያንብቡት።

ሴና በፈጠረችው ከተማ ለሰው እንደ ቡና ደረጃ ይወጣለታል። ሰባት ዓመት ሲሞላው ይመዘናል፣ ይሸተታል፤ ከዚያ ከአንድ እስከ አምስት ካሉት ቁጥሮች አንዱ ደረቱ ላይ ይሰፋለታል፣ እስኪሞትም አይፈታም። ዝናብ ሲጥል ለደረጃ አንድ ጃንጥላ ይሰጠዋል፣ ለደረጃ ሁለት የኮባ ቅጠል፤ ደረጃ አምስት ግን ዝናብ እንደሌለ ይነገረዋል። ባጃጅ ላይ ደረጃ አንድ ይቀመጣል፣ ደረጃ አራት ይገፋል፣ ደረጃ አምስት ምናልባት ብትበላሽ ተብሎ ከኋላ ይሮጣል። ሰላምታም ራሽን አለው። ደረጃ አንድ እስከ ልጅ ልጁ፣ እስከ ላሙ ድረስ ይጠየቃል። ደረጃ አምስትን «አለህ?» ብሎ ማለፍ ይበቃል፤ መልሱን ቆሞ መጠበቅ ያስቀጣል።

ረቂቁን ያነበበ ሁሉ ስቋል፣ ከጎረቤታችን ከጉቱ በቀር። ጉቱ ኡካ ከተማ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ስብሰባ አዘጋጅ ሆኗል። ምዕራፍ ሦስት ላይ ያለውን የወንበር ድልድል ሁለት ጊዜ አነበበና «ሴና፣ ይቺ ነገር በደንብ ተጠንታለች፤ ለሚመጣው ስብሰባ ብንጠቀምባት ቅር ይልሻል?» አላት። ልጅቱ ሳቋን ለመደበቅ ጓዳ ገባች።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ሠላሳ ዓመት ጋዜጣ ላይ ስሠራ ምንጭ አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም፤ እርስዎን ግን ለልጄ አሳልፌ ሰጠሁ። በ1988 ጎሬ ቡና መጋዘን ለቃሚ ሳሉ ያደረጉትን ነገርኳት። ጸሐፊዎቹ ጆሮ ባለው ኩባያ ሻይ ሲጠጡ፣ ጆሮው የተሰበረው ለለቃሚዎቹ ይወርድ እንደነበር አወራኋት። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የአሥራ ዘጠኙንም ኩባያ ጆሮ በዘነዘና ሰብረው፣ ስብርባሪውን በናሙና ከረጢት አሥረው፣ ላዩ ላይ «ደረጃ አንድ» ብለው ጽፈው ሚዛኑ ላይ ማስቀመጥዎን ሳይቀር ነገርኳት። የመጽሐፉ ጀግናም ይህንኑ ታደርጋለች። በማግስቱ ከተማው ሁሉ ማን ከማን እንደሚበልጥ ጠፍቶት ይውላል። ከመጽሐፉ ሁሉ የሚያምረው ይኸው ምዕራፍ ነው።

ያኔ የመጋዘኑ ጸሐፊ የነበሩትን ጋሼ አባስን ያስታውሷቸዋል። አሁን መቱ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አላቸው፤ ረቂቁን በኮምፒውተር የጻፉላት እሳቸው ናቸው። እዚያ ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ሱቃቸውን ዘግተው ቤቴ መጡ። «ቶኩማ፣ ድመት ሰበረችው ብዬ ሪፖርት ላይ የፈረምኩት እኮ እኔ ነኝ» አሉኝ። ቀጠሉም፤ «ድመት ግን ከረጢት አታሥርም። የእጅ ጽሑፉን ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ጆሮ ባለው ጠጥቼ እንደማላውቅ ለተጂቱ ንገራት።» ውሸት አይደለም። ሱቅ ያለችው ኩባያቸው ጆሮ የላትም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። እርስዎ ጋሼ ሮብሳን ቤት በትዳር የገቡት «ጎሬ ጸሐፊ ነበርኩ» ብለው ነው። አማትዎ እውነቱን ቢያውቁ ኖሮ ሠርጉ አይደገስም ነበር፤ ዛሬም መነጽራቸውን አድርገው ያገኙትን ሁሉ ያነባሉ። ሴና ደግሞ የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ጎሬ ቡና ለቃሚ ለነበሩት ለአክስቴ ለተጂቱ» ብላ መጻፍ ትፈልጋለች። «አክስቴ አዳዳዬ ካልፈቀዱ ግን ገጹን ብቻ ሳይሆን ምዕራፉንም አወጣዋለሁ» ብላለች፤ እንደምታደርገውም አውቃለሁ። እኔን ከጠየቁኝ እንዲፈቅዱ እመኛለሁ። ምስጢሩ ግን የእርስዎ ነው። አንዴ አውጥቼዋለሁ፤ ሁለተኛ ያለ ፈቃድዎ አላወጣም።

ሰላምታዬን ያለ ራሽን ያድርሱልኝ። ጋሼ ሮብሳንን እስከ ላማቸው ድረስ ይጠይቁልኝ፤ ላም ባይኖራቸውም። አማትዎን እማማ ሽብሬን ጉልበታቸውን ይሳሙልኝ። ልጅዎ አሜን ትምህርቱ እንዴት ሆነለት? መልሱን ቆሜ እጠብቃለሁ። ባለቤቴ ዓያንቱ ናፍቆቷ ከእኔ እንደሚበልጥ ጻፍ ብላኛለች።

ማተሚያ ቤቱ የሚጠብቀን እስከ ረቡዕ መጋቢት 10 ነው። የመጀመሪያው ገጽ እስከዚያ ባዶውን ይቆያል።

ወንድምዎ ቶኩማ
መቱ፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.