በመድኃኒት ስም የዋጥካት ቡና

ቡሬ፣ ሰኔ 12

ውድ ዘሚካኤል፣

ስልክ ስለማታነሳ ይህን በወንድምህ በይታገሱ እጅ ልኬልሃለሁ፤ ዛሬ ወደ ሽንዲ ይመለሳል። «የልብ በሽተኛ አግብተሽ ጥቁር አላስለብስሽም» ብለህ ቀለበቱን ከመለስክልኝ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። እኔ ግን ልብህ ታሟል ብዬ አምኜ አላውቅም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ሁዳዴ ሊገባ ሰሞን እኔ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ድረስ መጥተህ ነበር። አንተ በጾም ረሃብ አትፈራም። የምትፈራው ቡና ሳትጠጣ ስትቀር ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ጭንቅላትህን የሚፈልጥህን ነገር ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ ቡና አይቀመስም። «ሰብሊ፣ ለዚህ ራስ ምታት መላ የለሽም?» አልከኝ። ጂም የሚሠሩ ልጆች ከሚያስመጡት የካፌይን እንክብል አንድ ብልቃጥ ሰጠሁህ። «ቡና በላት፤ በውሃ ዋጣት» አልኩህ። «በመድኃኒት ጾም አይገደፍም» ብለህ ሳቅህ። እኔም አብሬህ ሳቅሁ። ፋርማሲስት ሆኜ መሳቅ አልነበረብኝም።

ያልነገርኩህ ይህ ነው። አንዷ ፍሬ ሁለት መቶ ሚሊግራም ካፌይን አላት፤ ሁለት ሦስት ሲኒ ቡና በአንድ ጉንጭ እንደ መጠጣት ነው። ጤነኛ ሰው በቀን ከሁሉም ተደምሮ ከአራት መቶ እንዳያልፍ ይመከራል። አንተ ግን ጠዋት ሁለት ትውጣለህ፣ ያውም በባዶ ሆድ፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደግሞ ሦስት ሲኒ ትደግማለህ። ቡና ሲበዛ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጎረቤት «ኧረ ይብቃህ» ይላል። እንክብሏን ግን ብቻህን ነው የምትውጣት፤ ይብቃህ የሚል ሰው የለም።

የደብረ ዘይት ማግስት ፍኖተ ሰላም ስታስተምር ክፍል ውስጥ ስትወድቅ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሆስፒታል ድረስ መጣሁ። ሐኪሙ «ቡና ትጠጣለህ?» አለህ። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አልቀምስም» አልክ። «የምትወስደው ነገር አለ?» ሲልህ እናትህን አየህ። እማማ ውቢት እግርህ ስር ቁመው «ልጄ ጾሙን አጥብቆ ደክሞ ነው እንጂ ምን ሁኖ!» እያሉ ነበር። «የለም» አልክ። እርሳቸው እንዳይሰሙ ነው፤ ገባኝ። እኔስ? እኔ የፈራሁት ለሥራዬና ለስሜ ነው። ስለ እንክብሏ ለሐኪሙ አልነገርኩትም። እርሱም ሌላ ሰበብ ስላጣ «ልብህ ሊሆን ይችላል» ብሎ መድኃኒት ጻፈልህ።

ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ስንወጣ በሩ ላይ «እንክብሏ ትሆን እንዴ?» ብለህ በጆሮዬ ጠየቅኸኝ። «አይደለችም፤ ቡና ደግሞ መቼ ሰው ጥሎ ያውቃል?» አልኩህ። እያወቅሁ ነው የዋሸሁህ። አንተም አምነኸኝ ትምህርት ቤቱን ትተህ ሽንዲ ወላጆችህ ቤት ገባህ፤ ሠርጉንም አስቀረህ።

ሰኞ ዕለት ብልቃጡን ይዤ ያንኑ ሐኪም አነጋገርኩት። ማስታወሻውን አገላብጦ አየ። የልብ ምርመራህ ያኔም ችግር እንዳላሳየ፣ ልብህን ያስጋለበው ካፌይኑ ሳይሆን እንዳልቀረ ነገረኝ። ይታገሱም ጾሙ ተፈትቶ እንክብሏን ከተውክ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ እንዳላመመህ አጫውቶኛል። ሆኖም ሐኪሙ እስኪያይህ ድረስ የሰጠህን መድኃኒት በራስህ እንዳታቋርጥ። ሐሙስ ጠዋት ይጠብቅሃል። የዋጥከውን ሁሉ ንገረው፤ እማማን ውጭ አስቀምጣቸው።

ለከርሞ ደግሞ ጾሙ ሳይገባ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለህ ቡናውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀንስ፤ ራስ ምታቱ እንደ ዘንድሮው አይጠናብህም።

ዘሚካኤል፣ በጣም አፍራለሁ። እወድሃለሁም፤ ይህን ግን ይቅር እንድትለኝ ብዬ አልጻፍኩትም። ሐሙስ ከሐኪሙ ስትወጣ ከዚህ የልብ ስጋት ነፃ ሰው ነህ። ያን ጊዜም ልትተወኝ ከፈለግህ በልብህ አታሳብብ፤ «ዋሽታኝ ነው» በል።

ሰብሊ