ሰላም ፎቶ አትነሳም

ረቡዕ

ተበድያለሁ። የፎቶ ስልጠናዬ ሲጀመር የፊልም ዳይሬክተር ልምሰል ብዬ ከመርካቶ የገዛሁትን ቆብ አድርጌ ወጣሁ፤ ስድስቱም ተማሪዎቼ ሳቁብኝ። ፀጉር ሠሪዋማ «ጋሼ፣ ይሄ ለሕፃን ነው እንዴ የተሰፋው?» አለችኝ። ፎቶ ያለ አስተማሪ ተምሬ፣ ሠላሳ ዓመት ሰርግና ልደት አንስቼ፣ በስተርጅና የቆብ ነገር ሊገድለኝ ነው።

ከዚያ ውጭ ቀኑ ጥሩ ነበር። የምንማርበት ሜዳ ከግቢዬ በር ፊት ለፊት ስለሆነ ወንበር የምንሸከመው አሥር እርምጃ ብቻ ነው። ደንቡን ነገርኳቸው፦ እያንዳንዱ ሰው ያልተሠራ ፊልም ይፈጥራል፤ የራሱ ፊልም መሪ ተዋናይ ሆኖ ለፖስተር ይነሳል፤ ሌላውንም ያነሳል። እሁድ ፖስተሮቹን አጥሬ ላይ እንሰቅላለን፣ ሰፈሩ መጥቶ ያያል። ጡረተኛው ጥበቃ ሰላይ መሆን ይፈልጋል። የታክሲ ሹፌሩ ንጉሥ። ፀጉር ሠሪዋ ባሏን የምትበቀል ሴት። ይህን ስትል ባሏ ሻይ ሊያመጣላት መጥቶ አጠገቧ ቆሟል።

ሰላም ብቻ «እኔ አነሳለሁ እንጂ አልነሳም» አለች። የእህቴ የእትዬ አስቴር ልጅ ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ዓይኗ ከሁሉም ይበልጣል፤ ለእሷ ግን አልነግራትም። አፍራ ይሆናል ብዬ ተውኳት።

ሐሙስ

ፀሐዩን አልቻልነውም። ረፋዱ ላይ ዓይን ሥር ጥቁር ጥላ ይጥላል። ሰላያችን ከሆስፒታል ያመለጠ በሽተኛ መሰለ።

«ከላይ ነጭ ሸራ ቢኖረን» አለች ሰላም።

በሰፈራችን ትልቅ ሸራ ያለው አንድ ቦታ ነው፤ የእድሩ ዕቃ ቤት። ጸሐፊውን ሄጄ ለመንኩት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ለብርሃን ነው።»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ ቁልፉን ሰጠኝ።

ሻይ ላይ ሹፌሩ የሆነ ነገር ሲያወራ ሰላም ሳቀች፤ ስትስቅ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቤት ገብቼ የቆዩ ፎቶዎቿን አገላበጥኩ። የልደቷ፦ እጅ አፍ ላይ። የምርቃቷ፦ እጅ አፍ ላይ። የአክስቷ ልጅ ሰርግ፦ እጅ አፍ ላይ። ሁሉንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። እንዴት አላየሁም?

ከሰዓት በኋላ ጠየቅኳት።

«ጥንቸል ፎቶ አትነሳም፣ ጋሼ» አለችኝ፤ ከንፈሯን ገጥማ፣ ፈገግ ብላ።

ስምንት ዓመቷ ነበር። የፊት ጥርሶቿ ገና በቅለው ፊቷን ቀድመው ያደጉ ጊዜ። ዘመድ ሁሉ በተሰበሰበበት «ጥንቸሏ መጣች፣ ካሮቱን ደብቁ!» አልኩ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እሷም የሳቀች መስሎኝ ነበር። ከዚያም ስንት ዓመት ጥንቸሌ እያልኩ ጠራኋት፤ እንደ ቁልምጫ።

እራት አልበላሁም። እሺ፣ ትንሽ በልቻለሁ።

ዓርብ

የእድሩን ድንኳን ሜዳው ላይ ተከልነው። እንዴት ያለ ብርሃን ነው! ሰላዩ ከነሽበቱ አሥር ዓመት ወጣት ሆነ።

ግን የእድር ድንኳን ደጃፌ ላይ ሲታይ ሰው ምን እንደሚል፣ ዕድሜዬን ሙሉ እዚሁ ኖሬ፣ አልታሰበኝም። አምስት ሰዓት ገደማ ጎረቤቴ እማማ ዘነበች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ «ልጄን! ተጫዋቹ ልጄን!» እያሉ ገቡ። ከኋላቸው ሦስት ሴቶች እያለቀሱ። እኔ ከካሜራው ጀርባ ቀና ብዬ «አቤት!» አልኩ።

ጮኹ። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ገረፉኝ። «አንተ ከይሲ! እንባዬን መልስ!»

ንጉሡ ከነዙፋኑ ተገለበጠ። ሰላም ፎይል የለበጥንበትን ካርቶን በሁለት እጇ ይዛ ብርሃን ትመልስለት ስለነበር አፏን የምትሸፍንበት እጅ አልነበራትም። አንገቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ ጥርሷን ገልጣ፣ ከልቧ ሳቀች። ጣቴ ሳያማክረኝ ተጫነ።

ቀጭ ሲል ሰማች። ካርቶኑን አስቀመጠች።

«አጥፋው።»

«ሰላምዬ፣ አንዴ ብቻ እዪውና…»

«እንደገና እንዲሳቅብኝ ነው?»

ቦርሳዋን አንስታ ሄደች። እማማ ዘነበች «ምን አደረግሃት ደግሞ?» አሉኝ። 

ቅዳሜ

ጠዋት ዓለም ባንክ ሰፈር፣ እነሰላም ቤት ሄድኩ፤ ኮንዶሚኒየማቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እትዬ አስቴር ገበያ ወጥታለች። ሰላም በሩን ከፈተች፤ ግባ ግን አላለችኝም። በታክሲ ስመጣ ሦስት ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር። አንዱንም አላወጣሁት።

«ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ጥርስሽ ምንም አላጠፋም። አሥራ አራት ዓመት ዘግይቻለሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

 የካሜራውን ካርድ ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩት።

«ያንቺ ፎቶ ያለው እዚህ ውስጥ ብቻ ነው። አላየሁትም። የሌሎቹን ልገልብጥ ብዬ ነበር፤ ያኔ የእኔንም ገልብጧል ብለሽ ትጠራጠሪያለሽ ብዬ ተውኩት። የፈለግሽውን አድርጊ።»

«የሁሉም ሥራ እኮ ነው ያለው፣ ጋሼ!»

«አውቃለሁ።»

ካርዱን አየችው። እኔን አየችኝ። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ደረጃውን ስወርድ ተማሪዎቼን በጣቴ ቆጠርኩ። ለአምስት ሰዎች ነገ ምን ልበል? ሰላዩ ልጆቹን ከነልጆቻቸው ጠርቷል። ሹፌሩ ወረፋውን ትቶ ሊመጣ ነው። ካርዱን ብትሰብረው ግን አልፈርድባትም።

እሁድ

ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሳይመለስ ተነስቼ አጥሩን ጠረግሁ፣ ምስማር መታሁ። የሚሰቀል ሳይኖር ምስማር የሚመታ ሰው ታይቶ ይታወቃል? ለሹፌሩ ደወልኩና «ፎቶው እጄ ላይ የለም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። «ንጉሥ ይታገሣል» አለኝ። አሳዘነኝ።

እስከዚህ እንደጻፍኩ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ እትዬ አስቴር። ጉልበቷን ካመማት ወዲህ ቤቴን ረግጣው አታውቅም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። ልጅ ሆኜ ሳጠፋ እንዲሁ ነበር የምትቆመው።

«እትዬ… ሰላምስ?»

«አየር ጤና ሰፈር፣ ማተሚያ ቤት ናት። የሁላችሁንም እያሳተመች።»

«የራሷንም?»

ከቦርሳዋ የልብስ መለኪያ ሜትር አወጣች።

«የሷ ከሁሉም ይተልቃል አሉ። አጥሩ ይችለው እንደሆነ ለክተሽ ደውዪልኝ ብላኛለች። ምን ትገተራለህ፣ በዚያ በኩል ያዝ እንጂ!»

ያዝኩላት።